የመጀመሪያ ተፋላሚ ሮቦታችሁን ስትሠሩ ምኑን ከምኑ ትመርጣላችሁ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ዓለም ገና ተቀምጦ ተፋላሚ ሮቦት ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዩቲዩብ ነው። እዚያ 113 ኪሎ የሚመዝኑ ማሽኖች ብልጭታ እየረጩ ሲፋለሙ ያያል። ከዚያ መርካቶ ይወርድና ፈጣን ሞተርና ስል ብረት መፈለግ ይጀምራል። ሞተሩን ያገኛል፣ ብረቱንም ያገኛል። ሮቦቱ ግን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ ካርቶን ውስጥ ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተሰበረው ዕቃ እዚህ የለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም አማራጭ የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው። ዛሬ የተሰበረው ነገር ነገ እዚሁ ሰፈር ይተካል ወይ? ከተተካ ጥሩ ዕቃ ነው። ካልተተካ የቱንም ያህል ቢያምር ለሁለተኛው ሮቦት ይቆይ።

ዋጋ አልጻፍኩም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ በጽሑፍ ቢቀመጥ ቶሎ ያረጃል። ደውላችሁ ጠይቁ።

ክብደቱ ስንት ይሁን?

በዓለም ላይ የተለመዱት ትንንሽ ምድቦች ሦስት ናቸው። 150 ግራም፣ 454 ግራም (አንድ ፓውንድ) እና 1.36 ኪሎ (ሦስት ፓውንድ)። እንግሊዞች ትልቁን ወደ 1.5 ኪሎ ከፍ ያደርጉታል።

150 ግራሙ ርካሽ ይመስላል። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ግን እያንዳንዱ ግራም ያጣላል። የሚያስፈልጉትም በጣም ቀላል የሆኑ ሪሲቨር (ሮቦቱ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) እና ባትሪ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኙም። 1.36 ኪሎው ለመሥራት ምቹ ነው፣ ሰፊ ነው። ችግሩ የሚጋጠምበት ሳጥን ነው። በዚህ ክብደት የሚሽከረከር መምቻ ያለው ሮቦት ሰው ሊገድል ይችላል። ማጋነን አይደለም።

እኔ የምመክረው 454 ግራሙን ነው። ተራ የገበያ ዕቃ ይችለዋል። ሳጥኑንም በር መስኮት የሚሠራ ሰው ይገጣጥመዋል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግን ከሁሉም በፊት ግዙ። በግምት የተሠራ ሮቦት ሁልጊዜ ከብዶ ነው የሚገኘው።

ሽብልቅ፣ ማንሻ ወይስ የሚሽከረከር?

ዋናው ምርጫ ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ሽብልቅ ማለት ፊቱ ወደ መሬት ያዘነበለ ሳህን ያለው ሮቦት ነው። መምቻ የለውም። ተጋጣሚው ሥር ገብቶ ጎማውን ከመሬት ያነሳና ወደ ግድግዳ ይገፋዋል። ሰዎች ይንቁታል፣ ‹ይሄማ ላሜራ ነው› ይሉታል። ነገር ግን የሚሰበር ነገር ስለሌለው አምስት ግጥሚያ በተከታታይ ይችላል። ፊቱ ከተጣመመ በመዶሻ ይቃናል።

ማንሻው የሽብልቅ ወንድም ነው። ፊቱ ላይ በሰርቮ (በታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ትንሽ ሞተር) የሚነሳ ክንድ አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል፤ ገበያ ውስጥ በብዛት የምታዩት ሰማያዊው ኤስጂ90 ሰርቮ ጉልበቱ 1.8 ኪሎ በሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዘንጉ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 1.8 ኪሎ ያነሳል ማለት ነው። ክንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጫፉ ላይ የሚያነሳው 360 ግራም ገደማ ነው። 454 ግራም ለማንሳት የሚያንስ ይመስላል። ግን ተጋጣሚን ለመገልበጥ አንድ ጎኑን ማንሳት ይበቃል፤ ያ ማለት የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ጉልበቱስ ይበቃ ነበር። የማይበቃው ጥርሱ ነው። ኤስጂ90 የፕላስቲክ ጥርስ ስላለው በመጀመሪያው ኃይለኛ ግጭት ይረግፋል። ኤምጂ90ኤስ የሚባለው የብረት ጥርስ አለው፣ በ6 ቮልት 2.2 ኪሎ በሴንቲ ሜትር ይሰጣል፣ ክብደቱም ወደ 14 ግራም ነው። የአምስት ግራም ልዩነት ነው፤ ሳታመነቱ እሱን ያዙ። ሁለቱም ከ6 ቮልት በላይ አይወዱም፤ ከባትሪው በቀጥታ ካገናኛችኋቸው ይቃጠላሉ። ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ቦርድ መሃል አስገቡ።

አሁን የሁሉም ልብ ወደሚሄድበት እንምጣ፤ የሚሽከረከረው መምቻ።

ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ካልገባን ምርጫው አይገባንም። የሚሽከረከር ብረት የሚያጠራቅመው ኃይል በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ፍጥነቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። 60 ግራም የሚመዝን፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ብረት በደቂቃ 10,000 ዙር ሲዞር ወደ 62 ጁል ይይዛል። ያ ከኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ የተለቀቀ አንድ ኪሎ ድንጋይ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ኃይል ነው። በ20,000 ዙር ደግሞ ወደ 250 ጁል ይጠጋል። እናንተ ሳሎን ውስጥ፣ ልጆች ከበው እያዩ።

ፍጥነት ብቻውን ደግሞ አያስመታም። መምቻው ሁለት ጥርስ አለው እንበል፤ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ይዞራል። ሁለቱ ሮቦቶች በሰከንድ 2 ሜትር እየተቀራረቡ ከሆነ አንዱ ጥርስ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ተጋጣሚው የሚገባው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥርሱ የሚነክሰው ያንን ያህል ነው ማለት ነው። ዙሩን ወደ 20,000 ብታወጡት 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መምቻው መፋቅ እንጂ መንከስ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሠሪዎች አንድ ጥርስ ብቻ ያለው መምቻ የሚሠሩት። በ10,000 ዙር 12 ሚሊ ሜትር ይነክሳል። ነገር ግን አንድ ጥርስ ያለው መምቻ ሚዛኑ እንዲጠበቅ በተቃራኒው በኩል ክብደት መጨመር አለበት፤ ያ ደግሞ ጥሩ ቶርኖ ቤትና ትዕግሥተኛ ባለሙያ ይፈልጋል። ሚዛኑ ያልተጠበቀ መምቻ ከተጋጣሚው በፊት የራሱን ሮቦት ይበታትናል።

በቁም የሚሽከረከር መምቻ ተጋጣሚውን ወደ ላይ ስለሚወረውር የግጭቱ ኃይል የራሱን ሮቦት ወደ መሬት ይጫነዋል። ያ ጥሩ ነው። መጥፎው፣ በፍጥነት ሲታጠፍ አንዱ ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ የሚሽከረከር ክብደት አቅጣጫውን ለመቀየር እምቢ ስለሚል ነው። በአግድም የሚሽከረከረው ሰፊ ቦታ ይመታል፤ ግን የመታበት ኃይል ራሱንም ወደ ጎን ይወረውረዋል። ከሁለቱ ምረጡ ካላችሁኝ የቁሙን እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ ሮቦት ግን ሁለቱንም አልመርጥም።

‹የሚያሸንፈው ግን እሱ ነው› የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ባይት ፎርስ የሚባለው የአሜሪካ ሮቦት የባትልቦትስን (በቴሌቪዥን የሚታየውን የአሜሪካ የሮቦት ፍልሚያ) ዋንጫ ሦስት ጊዜ ወስዷል። በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው በቁም በሚሽከረከር መምቻ ነው። በ2015 ያሸነፈው ግን ይዞ በሚያነሳ ክንድ ነበር። መጀመሪያ መንዳት፣ መያዝና መግፋት፤ መምቻው በኋላ መጣ። ዳኞችም ቢሆኑ ጉዳት ብቻ አይደለም የሚቆጥሩት፤ ማን አጠቃ፣ ማን ሜዳውን ተቆጣጠረ የሚለውንም ያያሉ።

ሌላው ነገር ሳጥኑ ነው። የሚሽከረከር መምቻ ካለ ሳጥኑ ድፍን ፖሊካርቦኔት መሆን አለበት። መስታወት አይሆንም። አክሪሊክም ሲመታ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። ሕንፃ መሣሪያ ቤቶች ለበረንዳ ጣሪያ የሚሸጡት ፖሊካርቦኔት ደግሞ አብዛኛው መሃሉ ክፍት ነው፤ ዝናብ ይከለክላል እንጂ የተወረወረ ብረት አያቆምም። ድፍኑን ካላገኛችሁ የሚሽከረከር መምቻን ነገር እርሱት። ሽብልቅና ማንሻ ግን በጠንካራ እንጨት ጠርዝ በተከበበ ጠረጴዛ ላይ መጋጠም ይችላሉ።

ሞተርና ጎማ

ለተማሪ ፕሮጀክት የሚሸጠው ቢጫው የፕላስቲክ ሞተር ሁሉም ቤት አለ። አንዱ ወደ 30 ግራም ይመዝናል። አብሮት በሚመጣው 65 ሚሊ ሜትር ጎማ በደቂቃ 200 ዙር ቢዞር በሰከንድ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አራት ብታደርጉ 120 ግራም ሄደ፤ ከነጎማው ከግማሽ በላይ ክብደታችሁን ጨረሳችሁ። ውስጡ ያለው ጥርስም ፕላስቲክ ነው።

ኤን20 የሚባለው ትንሹ የብረት ጥርስ ያለው ሞተር 10 ግራም ገደማ ነው። በደቂቃ 500 ዙር ያለውን ከ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ጋር ብታገናኙት በሰከንድ አንድ ሜትር ይሄዳል። የ1,000 ዙሩ ሁለት ሜትር። ለጀማሪ 500ው ይሻላል፤ ጉልበት አለው፣ እጅም ይለምደዋል። ስትገዙ በ6 ቮልትና በ12 ቮልት የሚሠሩ ስላሉ ጠይቁ። መልካቸው አንድ ነው። ሻጩም ሁልጊዜ አያውቀውም።

‹ሶማሌ ተራ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አለ፣ ጉልበቱ ለጉድ ነው› የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ጉልበቱ እውነት ነው። ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ በደቂቃም ስድሳ ዙር ቢዞር ነው። ለበር መክፈቻ ያዙት።

ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቀዩ ኤል298ኤን ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። ነገር ግን አሮጌ ዓይነት ትራንዚስተር ስለሚጠቀም ወደ 2 ቮልት ገደማ እዚያው በሙቀት ይቀራል፤ ከ7.4 ቮልት ባትሪ ሞተሩ የሚያገኘው 5 ምናምን ነው። ክብደቱም ከሁለት ኤን20 ይበልጣል። ዲአርቪ8833 የሚባለው የጥፍር ያህል ቦርድ እስከ 10.8 ቮልት ይችላል፣ ለሁለት ሴል (ለ7.4 ቮልት) ባትሪ በትክክል ይሆናል። ሦስት ሴል ካሰባችሁ ግን ያ ሲሞላ 12.6 ቮልት ስለሆነ ያቃጥለዋል፤ እዚያ ላይ ቲቢ6612 ይሻላል። ሁለቱም ትንሽ ስለሆኑ መለዋወጫ ሁለት ሦስት ደርቦ መያዝ ያዋጣል።

ለጎማ፣ የነጠላ ጫማ ሶል። ከልቤ ነው። ክብ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ መሃሉን ለዘንጉ ብትበሱት ቀላል ነው፣ ይይዛል፣ ተቆርጦም ቢሆን ይሽከረከራል። የያዥነቱን ነገር ለመጨመር ዙሪያውን ስስ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አልብሱት።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ነገር ሁሉ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ሞተር ‹ለብ ብሏል› ከተባለ እዚህ ሊያቃጥል ይችላል። በግጥሚያ መካከል ዕረፍቱን ረዘም አድርጉ።

አካሉ ከምን ይሠራ?

ሁሉም ሰው ስለ ሦስት ዲ ፕሪንተር ይጠይቃል። በፕሪንተሩ የታተመ ፒኤልኤ (የተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ) ንድፉ ያምራል፣ ልክ ነው የሚወጣው። ሲመታ ግን ይሰነጠቃል፣ አንድ አካል ለማተምም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጊዜ መብራት ከሄደ፣ ማሽኑ ካቆመበት መቀጠል የማይችል ከሆነ፣ ሥራው ቆሻሻ ነው። እኛ ሰፈር ይሄን ቁማር የሚጫወተው ዩፒኤስ ያለው ብቻ ነው።

የእኔ ምርጫ የፕላስቲክ መክተፊያ ነው። አብዛኛው ከፖሊኤትሊን ነው የሚሠራው፤ ታዋቂ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ፕላስቲክ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። በሴጌቶ ይቆረጣል፣ በትራፓኖ ይበሳል፣ ቪቴም ይይዛል። ትክክለኛው መሆኑን ለማወቅ ስንጣሪ ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ጣሉ። ከተንሳፈፈ ያዙት። ከሰመጠ ሌላ ፕላስቲክ ነውና ተዉት። አንድ ጉድለት አለው፤ ሙጫ አይይዘውም። ሁሉም ነገር በቪቴ ነው የሚታሰረው።

አሉሚኒየም ስትፈልጉ መርካቶ አትሂዱ። አዳዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪ አለ፤ ቁርጥራጩን ጥግ ላይ ይከምረዋል። ስሱ ነው፣ ለጣሪያና ለባትሪ መከላከያ ይሆናል። ፊት ለፊት ለሚመታው ሽብልቅ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሻላል፤ እሱም ከብየዳ ቤት ነው። 12 በ6 ሴንቲ ሜትር ስትቆርጡት 85 ግራም ይሆናል። ያው መጠን በአሉሚኒየም 29 ግራም ነበር። ለፊት ክብደቱን ከፍላችሁ ብረቱን ውሰዱ።

ለማንኛውም የሚያጠነክር ብረት ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ አሮጌ ባሌስትራ አለ። ጠንካራ ነው፤ ለመብሳት ግን ትራፓኖ ያስለቅሳል። ለመጀመሪያ ሮቦት አያስፈልግም።

ባትሪ

ምርጫው በሁለት መካከል ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ክብ ሴል ወይስ ሊፖ (ጠፍጣፋው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ)?

የላፕቶፑ ሴል በቀላሉ ይገኛል። አንዱ ከ45 ግራም በላይ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ዘጠና አለፉ። ብዙ ኃይል ይይዛል፣ ግን በአንዴ ብዙ አምፔር ለመስጠት አልተሠራም። ደግሞስ ያን ሁሉ ኃይል ምን ልታደርጉት? ግጥሚያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። በአማካይ 2 አምፔር ቢወሰድ በሦስት ደቂቃ የሚያልቀው 100 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ሴል 450 ሚሊአምፔር ሰዓት ሊፖ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ለሦስት ግጥሚያ ይበቃል።

ሊፖ ግን ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.3 በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። ለቀናት የምታስቀምጡት ከሆነ 3.8 ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ የሚያመጣጥን ቻርጀር የግድ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ቀጥላችሁ እንዳትሞክሩ። ቻርጅ ሲደረግ ከቤት አትውጡ፣ እንዳትተኙም። አሸዋ ያለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ክዳኑን ሳታጥብቁ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ያበጠ ሊፖ ዕድሜው አልቋል፤ ‹ትንሽ ነው ያበጠው› የሚባል ነገር የለም።

ሪሞት ላይ አትቆጥቡ

በስልክና በብሉቱዝ ሞጁል መንዳት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ለልምምድ ይሆናል። ጉዳቱ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው፤ ኮዱ ውስጥ ‹ትዕዛዝ ከጠፋ ቁም› የሚል ካልጻፋችሁ ሮቦቱ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ ይነጉዳል። የአሮጌ መጫወቻ መኪና ሪሞትም አለ፤ ሁለት ተመሳሳይ መጫወቻ አንድ ሜዳ ላይ ሲሆን አንዱ የሌላውን ትዕዛዝ ይሰማል። ሁለቱንም ለግጥሚያ አልመክርም።

ፍላይስካይ አይ6 ዓይነት በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ባለ ስድስት ቻናል ሪሞት ግዙ። ሪሲቨሩ 15 ግራም ነው። ሪሞቱ በአራት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ እንዲቆም ማስተካከያ አለው፤ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ሪሞቱን አጥፍታችሁ ፈትሹት። ከሪሲቨሩ የሚወጣው ትዕዛዝ ግን በቀጥታ ለዲአርቪ8833 አይገባውም። መሃል ላይ የሚተረጉም አርዱይኖ ናኖ (ኮድ የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ) ያስፈልጋል፤ ወይም ሁለቱን ሞተር በአንድነት የሚነዳ ዝግጁ ኢኤስሲ (የሞተር መቆጣጠሪያ)። ኮድ የማትወዱ ከሆነ ኢኤስሲውን፣ የምትወዱ ከሆነ ናኖውን። እኔ ናኖውን የምመርጠው በየቦታው ስለሚገኝ ነው። ሮቦቱ ሲያረጅ ሪሞቱ ለሚቀጥለው ያገለግላል፤ ስለዚህ ከዕቃው ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ቢሆን አይቆጭም።

ሲደመር

ማንሻ ብትሠሩ ክብደቱ እንዲህ ይደመራል። ሁለት ኤን20፣ 20 ግራም። ሁለት ጎማ 30። ቦርዶቹ 10። ሪሲቨር 15። ባትሪ 30። ሰርቮ 14፣ ክንዱ 30። ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ 15። የመክተፊያ ግድግዳ፣ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ሳጥን፣ ቁመቱ 4፣ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ 167 ግራም። ሁለት ሚሊ ሜትር ወለል 27። የፊት ላሜራ 85። ድምሩ 443 ነው። ለቪቴ የቀረው 11 ግራም ብቻ ነው፤ አይበቃም። ግድግዳውን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረጋችሁት 20 ግራም ታተርፋላችሁ። ሮቦቱም ዝቅ ሲል ለተጋጣሚው ሽብልቅ አይመችም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የምታስልኩት ሊፖና ሪሞት ይሁን፤ የቀረው እዚህ አለ። ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብቻው የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት አይሄድም። ስለዚህ በፖስታ አትዘዙ፤ ሰውየው በእጅ ሻንጣው ይያዘው። የባትሪው ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ የእናንተ 3.3 ነው። ጫፎቹን በፕላስተር እንዲሸፍናቸው ንገሩት። ብሩሽሌስ ሞተር (ድሮን ላይ የሚገባው ዓይነት ፈጣን ሞተር) እና ኢኤስሲ አብሮ ካስያዛችሁት ደግሞ የድሮን ዕቃ ስለሚመስል ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ያንን ማስረዳት ያለበት ዘመዳችሁ ስለሆነ ከመላኩ በፊት ምን እንደሆነ ይወቀው።